ማንም በማያየኝ ሰዓት ለማን ነበር ፈገግ የምለው?

በኮሮናው ጊዜ፣ በአንድ የኦንላይን ስብሰባ መሀል አንድ ነገር ገጠመኝ። ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣም።

ካሜራዬ ዝግ ነው። ማይኬም ዝግ ነው። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ለእኛ ለሽያጭ ሠራተኞች የጭንቀት መቀነሻ ሥልጠና አዘጋጅቶልን ነበር። አሰልጣኟ ዓይናችንን አስጨፍናን ከእግራችን ጀምረን ሰውነታችንን አንድ በአንድ እንድናዳምጥ ትመራናለች። እግር፣ ጉልበት፣ ሆድ፣ ትከሻ። ከዚያ በዝግታ «አሁን ወደ ፊታችሁ ኑ። ግንባራችሁን፣ መንጋጋችሁን፣ ከንፈራችሁን ልብ በሉ» አለች።

ልብ አልኩ። ፈገግ ብያለሁ።

ደስ ብሎኝ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ማን ደስ ብሎት ነበር? ጉንጬ ወደ ላይ ተወጥሯል። መንጋጋዬ ደርቋል። ከንፈሬ ግን ለደንበኛ «እንደምን አደሩ» ሊል የተዘጋጀ ነው። መስመር ላይ ደንበኛ የለም። አለቃ አያየኝም። ባልደረቦቼም አያዩኝም። ታዲያ ለማን ነው?

ፈገግታውን ልተወው ሞከርኩ። እሺ አላለኝም። ጉንጬን በእጄ ማሸት ነበረብኝ። ፊቴ ላላ ሲል ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለምን እንደሆነ ያኔ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። ሥልጠናው አለቀ። አሰልጣኟ አመስግና ወጣች። ሱፐርቫይዘራችን ስክሪኑን ተረክቦ የሳምንቱን የሽያጭ ደረጃ ሰንጠረዥ ከፈተ። ከላይ ያሉት ስሞች አረንጓዴ፣ ከታች ያሉት ቀይ።

## እምቢታው ሲለወጥ

ሽያጭ ላይ የሠራ ሰው እምቢ መባልን ለምዷል። ሥራው ራሱ እሱ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ እምቢ ሲል ለሚቀጥለው ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ መደወል። ግን ያ እምቢታ ማረፊያ ነበረው። ስልኩን ዘግተን ጎናችን ወዳለው ባልደረባ ዞር እንላለን። እሱም የራሱን ይነግረናል። እንስቃለን፣ ያልፋል። ቤት ሆነን መሥራት ስንጀምር ያ ዞር ማለት ቀረ። ጠዋት የሰማነው እምቢታ ማታም እዚያው ክፍል ውስጥ አብሮን ያድራል።

የእምቢታው ዓይነትም ተለወጠ። ድሮ «ዋጋው በዛ» ወይም «አሁን አልፈልግም» ነበር። በወረርሽኙ ጊዜ «ከሥራ ወጥቻለሁ» መጣ። «እናቴ ኦክስጅን ላይ ናት» መጣ። «ትናንት ነው የቀበርነው» መጣ። ፊት ለፊቴ ያለው ስክሪፕት ደንበኛ ሲያመነታ ምን እንደሚባል ይዘረዝራል። ስለ ዋጋ ለሚያነሳ መልስ አለው። ጊዜ የለኝም ለሚል መልስ አለው። ለሐዘን ግን ምንም የለውም።

አንድ ነገር በተለይ ያንገበግበኝ ነበር። ጥሪው ሲያልቅ ሲስተሙ ኮድ ይጠይቃል። «ገዛ»፣ «አልፈለገም»፣ «አላነሳም»፣ «መልሶ ይደወል»። ከእነዚህ አንዱን ሳይመርጡ ወደ ሚቀጥለው ቁጥር ማለፍ አይቻልም። አባቷን ትናንት የቀበረች ሴት «አልፈለገም» ተብላ ትመዘገባለች። ያ ምዝገባ ተደምሮ ዓርብ ዕለት ስሜን ቀይ ያደርገዋል። የእሷ ሐዘን እኔ ጋ ሲደርስ የሥራ ድክመት ይሆናል። ይህን የሚያስተካክል ሰው በሲስተሙ ውስጥ አልነበረም። ክፋት አይደለም። ኮዶቹ የወጡት ሰው እንደዚህ ባልሞተበት ዘመን ነው። ታርጌቱም፣ ማለትም እንድንሸጥ የሚጠበቅብን ቁጥር፣ እንደዚያው።

ሱቅ ውስጥ የቀሩት ባልደረቦቻችን ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነበር። እኛን የሚያደክመን ከሰው መራቃችን ነው፤ እነሱን የሚያስፈራቸው ለሰው መቅረባቸው። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ አንድ የምግብ ሸቀጥ መደብር ውስጥ እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 የተካሄደ ጥናት አለ። 104 ሠራተኞች ተመርምረው 21 ሰዎች ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። አብዛኞቹ ምንም ምልክት አልነበራቸውም። ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙት የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ 5 እጥፍ ነበር።

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ግን የዚያው ጥናት ሌላ ውጤት ነው። ሥራ ላይ ርቀታቸውን መጠበቅ የቻሉት ሠራተኞች ጭንቀትና ድብርት የሚታይባቸው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ነበር። ቫይረሱ ለሁሉም አንድ ነው። መደብሩም አንድ ነው። አንዱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ይችላል፣ ሌላው አይችልም። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድብርት በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ ጨምሯል ብሏል። ይህን ሳነብ የታየኝ ስልኩ ነው። ከሁለቱም ጫፍ ያለው ሰው እዚያ ቁጥር ውስጥ አለ። የሚደውለውም፣ የሚደወልለትም።

## ጥርስ ባዳ ነው

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል። ሆድ እየነደደ እሱ ይስቃል። ለዚህ ነገር «ኢሞሽናል ሌበር» (የስሜት ሥራ) የሚል ሳይንሳዊ ስም የሰጠችው አሜሪካዊቷ የሶሺዮሎጂ ባለሙያ አርሊ ሆክሽልድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1983 የበረራ አስተናጋጆችን አጥንታ፣ ፈገግታቸው ራሱ የሚከፈልበት ሥራ መሆኑን አሳየች። ሥራው የሚሠራበትንም መንገድ ለሁለት ከፈለችው። አንደኛው ውስጥን እንዳለ ትቶ ፊትን ብቻ መቀየር ነው። ሌላው የሚታየውን ስሜት ከውስጥ ለመሰማት መሞከር ነው። ከእሷ በኋላ የመጡ ብዙ ጥናቶች የመጀመሪያው፣ ላይ ላዩን ማስመሰሉ፣ ሰውን አብዝቶ እንደሚያዝል ደጋግመው አይተዋል።

ስልክ ላይ ፈገግታ ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። ይሠራል። ፈገግ ስንል ከንፈር ይለጠጣል፣ ድምፅ የሚያልፍበት መንገድ ያጥራል፣ የድምፁ ቃና ይቀየራል። ሰሚው ሳያየን ይለየዋል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መግቢያ ጀምሮ በጥናት የታወቀ ነው። የስልክ ሽያጭ አሰልጣኞች ጠረጴዛችሁ ላይ መስታወት አስቀምጡ የሚሉትም ለዚህ ነው። ምክሩ ትክክል ነው። እኔም ሠርቼበታለሁ፣ ሽጬበታለሁ።

ያቺ ደቂቃ ያሳየችኝ ሌላ ነገር ነው። ፊቴ የሥራ መሣሪያ ሆኗል፣ ማጥፊያው ግን ጠፍቷል። ድሮ ከሥራ ወጥተን ቤት እስክንደርስ ድረስ ፊታችን በራሱ ጊዜ ይፈታ ነበር። አውቀን አናደርገውም። መንገዱ ያደርግልናል። ሥራና ቤት አንድ ክፍል ሲሆኑ መንገዱ ቀረ፣ ፊታችንም የሚፈታበት ቦታ አጣ።

ሱቅ የምትሠራ ጓደኛዬ ስነግራት አልገረማትም። «እኔ ማስክ ሥር ሆኜም ፈገግ እላለሁ» አለችኝ። አፏን ማንም አያየውም። «ግን ካላልኩ ዓይኔ ያሳብቅብኛል» አለች። ቀኑን ሙሉ በጨርቅ ተሸፍና፣ የሚያስል ሰው ፊት ቆማ፣ ማንም የማያየውን ፈገግታ ተሸክማ ትውላለች። ደሞዝ ስሌት ውስጥ ይህ የት እንደሚገባ አላውቅም። ሊገባ ግን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

## ሁለት ሰዎች በ1979

ወደ ሥልጠናው ልመለስ። ማይንድፉልነስ የሚሉት ነገር ቀልብን ሰብስቦ፣ አሁን በውስጣችንና በዙሪያችን ያለውን ሳይፈርዱ ማስተዋል ነው። ሽያጭ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። የሽያጭ ሰው አካሉ ዛሬ ላይ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ወር መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ነቅተው ካሉበት ጊዜ 47 በመቶ ገደማውን ከሚሠሩት ሥራ ውጭ ያለ ነገር እያሰቡ ያሳልፋሉ። ሐሳባቸው ሲሸሽም ደስታቸው ይቀንሳል። ታርጌት ያለበት ሰው ሐሳብ ወዴት እንደሚሸሽ መናገር አያስፈልግም።

ሥልጠናው ጠቅሞኛል። ይህን በግልጽ ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምለው ነገር በሥልጠናው ላይ ያለ ጥላቻ እንዳይመስል። ኡተ ሁልስሄገር የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣችው ሥራ እኔ ላይ የሆነውን በደንብ ያስረዳል። ከሰው ጋር በሚያገናኝ ሥራ ላይ ያሉ 219 ሠራተኞችን በየቀኑ ስለ ውሏቸው ጠየቁ። ቀልባቸውን ይበልጥ የሚሰበስቡት ሰዎች ስሜታቸው ያን ያህል አይዝልም፣ በሥራቸውም የተሻለ ይረካሉ። አንዱ ምክንያት ላይ ላዩን ማስመሰላቸው መቀነሱ ነው። የተሰማውን ያስተዋለ ሰው ለመሸፈን የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል።

አሁን ከመደወሌ በፊት ፊቴን አዳምጣለሁ። ከዚያ ረዘም አድርጌ አየር አስወጣለሁ። ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱን አረዝማለሁ። ቀስ ያለ ትንፋሽ ቬገስ በሚባለው ነርቭ በኩል የልብ ምትን ያረግባል። በሁለት ጥሪዎች መካከል ፊቴ እንዲያርፍ እተወዋለሁ። ትንሽ ነገር ነው። ግን የእኔ ነው።

ዓይን መጨፈን ግን ለሁሉም አይሆንም። ይህ ሲነገር ብዙም አልሰማም። ትኩስ ሐዘን ላይ ያለ ወይም ከባድ ነገር ያለፈበት ሰው ዝም ብሎ ወደ ውስጡ ሲመለከት ጭንቀቱ ሊብስበት ይችላል። ዊሎቢ ብሪተን የምትባል ተመራማሪ በማሰላሰል ልምምድ ወቅት የሚያጋጥሙ ከባድ ስሜቶችን ለዓመታት መዝግባለች። ከእኛ ቡድን አንዱ በዚያ ሰሞን ቤተሰቡን አጥቶ ነበር። ልምምዱ መሀል ላይ ከስብሰባው ወጣ። ኔትወርክ ነው አልን። አልነበረም። አሰልጣኝ «ካልተመቻችሁ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ መውጣትም ትችላላችሁ» ቢል ምን ይጎዳዋል?

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የሚጠናው። ይህን ልምምድ ወደ ሕክምና ያመጣው አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ካባት-ዚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ሳምንታት የሚፈጅ ሥልጠና ጀመረ። መጀመሪያ ወደ እሱ የተላኩት ሕክምናው ብዙም ያልረዳቸው፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ነበሩ። ሐኪሞቹ ሕመሙን ማንሳት አልቻሉም። የቀረው ከሕመሙ ጋር የሚኖሩበትን መንገድ መለወጥ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ረድቷል።

በዚያው በ1979 ሮበርት ካራሴክ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ስለ ሥራ ጭንቀት ጥናት አወጣ። የእሱ ጥያቄ ሸክሙ ከየት ይመጣል የሚል ነው። የአሜሪካንና የስዊድንን ሠራተኞች መረጃ ተመልክቶ የደረሰበት ነገር ቀላል ነው። ሰውን አብዝቶ የሚያስጨንቀው የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም። ሥራው በዝቶ፣ ሠራተኛው እንዴትና መቼ እንደሚሠራው የመወሰን መብት ሲያጣ ነው። ቦስተን ያሉት ሠራተኞች ትዝ ይበሉን። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ማለት የሚችለውና የማይችለው።

አሁን ጥያቄዬ እንዲህ ነው። የእኛ ሕመም የትኛው ነው? ቫይረሱን መሥሪያ ቤቴ ማንሳት አይችልም። የደንበኛዬን አባት መመለስ አይችልም። ለዚህ ለዚህ የካባት-ዚን መንገድ ይሆነኛል፣ አመሰግናለሁ። ታርጌቱ ግን የማይነሳ ሕመም አይደለም። አንድ ሰው ወረቀት ላይ የጻፈው ቁጥር ነው። ኮዱም፣ ሰንጠረዡም እንደዚያው። ሊነሳ የሚችል ሸክም ላይ እንዴት እንደምንሸከመው ብቻ ማሠልጠን ትክክል አይመስለኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን (በሥራ ብዛት መዛልን) ሲተረጉም በሽታ አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። ድርጅቱ በ2022 ስለ ሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ባወጣው መመሪያም ሠራተኛውን ብቻ አላነጋገረም። የሥራ አደረጃጀት እንዲስተካከልና አለቆችም እንዲሠለጥኑ መክሯል።

ተረጋግተው የበለጠ ይሸጣሉ ብሎ ሥልጠና የሚገዛ አለቃም ካለ ይህን ይስማ። ሃፈንብራክና ቮህስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሥራ፣ አጭር የማሰላሰል ልምምድ ያደረጉ ሰዎች ወዲያው ለሚሰጣቸው ሥራ ያላቸው ጉጉት ቀንሷል። የሥራቸው ጥራት ግን አልቀነሰም። ለእኔ ይህ ይገባኛል። ልቡ የረጋ ሰው ሰንጠረዡ ላይ አንድ ደረጃ ከፍ ለማለት ያን ያህል አይቸኩልም። ሰውየው ዳነ እንጂ አልሰነፈም።

## «ትንፋሹ ጥሩ ነው፤ ታርጌቱስ?»

ወደዚያ ስብሰባ ልመለስ። ሰንጠረዡ እንደተከፈተ ነው። ሱፐርቫይዘራችን የመጀመሪያውን ስም ሊጠራ ሲል፣ በዕድሜም በሥራም ከሁላችንም የሚበልጡ ባልደረባችን ማይካቸውን ከፈቱ። «ለሥልጠናው አመሰግናለሁ፣ በእውነት ረድቶኛል» አሉ። ትንሽ ቆዩና «ትንፋሹ ጥሩ ነው፤ ታርጌቱስ?» አሉ።

ዝምታ ሆነ። ሱፐርቫይዘራችን ክፉ ሰው አይደለም። ካሜራው ክፍት ስለነበር ፊቱን አየሁት። እሱም ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ ጉንጬ ላይ ያገኘሁትን ዓይነት ፈገግታ። ከዚያ እየተወው ሄደ። «ልክ ነዎት» አለ። «የእኔም ታርጌት ከላይ ነው የመጣው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተከፈተ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፣ እኛ ደግሞ መደበቅ ሙያችን ነበር። አንዱ እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል። ሌላዋ ስልክ በጠራ ቁጥር ሆዷን ይቆርጣታል፣ የራሷ ስልክ ቢሆንም። እኔም ስለ ፊቴ ተናገርኩ። ሁሉም እየተናገረ ሲሄድ ሰንጠረዡ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ተረሳ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሉት ይህን ነው። እያንዳንዳችን ብቻችንን ደካማ የሆንን መስሎን የያዝነው ነገር የሁላችንም ሆኖ ተገኘ። ሲቆጠርም የሥራው ችግር እንጂ የአንድ ሰው ባሕርይ አልነበረም።

ሱፐርቫይዘራችን የተባለውን ጽፎ ወደ ላይ ወሰደው። ሁሉም አልተሰማም። ሰንጠረዡ በስብሰባ ላይ መታየቱ ቀረ፤ እያንዳንዱ የራሱን ውጤት ለብቻው ያያል። ታርጌቱ ለጊዜው በሽያጭ ሳይሆን በጥሪ ብዛት እንዲለካ ተፈቀደ። መደወል በእጃችን ነው፣ መግዛት በደንበኛው እጅ። ኮዱም መጣ። «ሐዘን ወይም ሕመም» የሚል አምስተኛ ምርጫ። እሱ ሲመረጥ ጥሪው ውጤት ላይ አይቆጠርም፣ ቁጥሩም ከዝርዝሩ ለተወሰነ ጊዜ ይወጣል፣ ማንም መልሶ አይደውልም።

ያን ኮድ መጀመሪያ የተጫንኩበት ጥሪ ላይ አንድ አዛውንት ነበሩ። ባለቤታቸው ሆስፒታል እንደሆኑ ነገሩኝ። «እግዚአብሔር ይማርልዎት፣ ዛሬ ምንም አልሸጥልዎትም» አልኳቸው። እሳቸውም ትንሽ አወሩኝ። ስለ ሚስታቸው ነው ያወሩኝ። ስልኩን ስዘጋ ደክሞኝ ነበር። ያ ድካም ግን ከማስመሰል የሚመጣው አልነበረም። ልዩነቱን ሰውነቴ ያውቀዋል።

ወረርሽኙ ሲያልፍ ታርጌቱ ወደ ሽያጭ ቁጥር ተመለሰ። ኮዱ ግን እስካሁን አለ፣ አዳዲስ ሠራተኞችም ይጠቀሙበታል። ያልተነካው ኮሚሽኑ ነው። ከገቢያችን የሚበዛው ክፍል ዛሬም በደንበኛው እሺታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሌላ ክፉ ጊዜ ቢመጣ መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው እሱ ነው። ስለዚህ የመነሻ ደሞዙ ድርሻ ከፍ እንዲል፣ ከእኔ አቅም ውጭ በሆነ ምክንያት ሽያጭ ሲወድቅ ዝቅተኛ ገቢ እንዲጠበቅልን ከባልደረቦቼ ጋር ጥያቄ አቅርበናል። ጥያቄውን የጻፍነው ተራ በተራ ነው። ሱፐርቫይዘራችንም ፈርሟል። እስካሁን የመጣው መልስ «እየታየ ነው» የሚል ነው። በየስብሰባው እናነሳዋለን።